ጋሽ ወንድይፍራው ይሸጠው የነበረው መመለሻ

ጋሽ ወንድይፍራው መሞቱን የነገረኝ በቀለ ነው። ነግሮኝ ሲያበቃ ሳቀ።

«አስካለ፣ ሰውዬሽ ሞተ» አለኝ በስልክ። ቀጥሎም፣ «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ እንኳ ሳልሄድ አልቀርም፤ አፈሩ በደንብ መመለሱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለና ሳቁን ለቀቀው። በቀለ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጉልበቱ ከአንድ ክረምት ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ ለዚያ ክረምት የዳረገው ደግሞ ጋሽ ወንድይፍራው ነው።

እኔም ሄድኩ። ከእድሩ ሰዎች በቀር ብዙ ቀባሪ አልነበረም። ሟቹ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ጠፋ፤ የእድሩ ጸሐፊ «ብዙ ዓመት አብረሽው የሠራሽ አንቺ ነሽ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔም ለሟች ሁሉ የሚባለውን ጻፍኩ፦ በሥራው ታታሪ፣ በጠባዩ ሰው አክባሪ። «ሰው አክባሪ» የሚለው ሲነበብ በቀለን ሳል ያዘው። በሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን የጻፍኩት ውሸት ሲቆረቁረኝ ስለሰነበተ እውነቱን ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ስቀጠር ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው ከኪስ አይወጣም። ሰው መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይይዛል፤ እኛ ስልከኞች መስመሩን በገመድ እያገናኘን «ሀሎ አንኮበር፣ ሀሎ ደብረ ሲና» እያልን እንጮሃለን። ጋሽ ወንድይፍራው የሁላችን አለቃ ነበር። እኔ ከጎኑ ነበር የምቀመጠው። የአንኮበሩም፣ የደብረ ሲናውም፣ ጣርማ በር ጫፍ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ቤት የሚቀመጠውም ስልከኛ የሚታዘዘው እሱን ነው። ስብሰባ ላይ ጓድ ወንድይፍራው፣ ሥራ ላይ ጋሽ ወንዴ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ የምንለውን ሰው ዞር ሲል አንተ እናደርገዋለን፤ እኔም እዚህ የማወራው እንደዚያው ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደ ግራ ያዘመመ ሰው ነበር። ቀኝ ጆሮው ከማዳመጫ ብዛት ደክሟል፤ በግራው ግን ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማል እያልን እናማዋለን። ኪሱ የገብስ ቆሎ አያጣም። እንደ ሰው ዘግኖ አይቅምም። አንዲት ፍሬ ያወጣል፣ በጥፍሩ ይልጣታል፣ ገለባዋን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ያስቀምጣል፣ ከዚያ ፍሬዋን ምላሱ ላይ ያኖራል። ፈቃድ ለመጠየቅ የገባ ሰው፣ እናቱ ሞታ እንኳ ቢሆን፣ ያቺ ፍሬ ታኝካ እስክታልቅ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ የደብረ ሲናው ስልከኛ የበቀለ እናት የሞቱ ዕለት ሦስት ፍሬ አከታትሎ በላ።

ክፋቱ ግን እንደ ዘመኑ ክፋት አልነበረም። ያ ጊዜ ሰው በሰው ላይ የሚያሳብቅበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡና የአንድ አስተማሪ ስም ጠርተው፣ ከአዲስ አበባ ጋር ምን ሲነጋገር እንደሰነበተ ጠየቁት። ጋሽ ወንድይፍራው ደካማ ጆሮውን አዙሮ ሰጣቸው። «ኧ?» አለ። ደገሙለት። «ኧ?» አለ። ሲጮኹበት፣ «ጓዶች፣ እኔ ሥራዬ ገመድ መሰካት ነው፤ ሲሰኩት ደግሞ ገመድ ወሬ አያወጣም» አላቸው። ደንቆሮ ነው ብለው ሄዱ።

አስተማሪው ይህን ሰምቶ በሳምንቱ ቅቤ ይዞ ሊያመሰግን መጣ። ጋሽ ወንድይፍራው ቅቤውን አልተቀበለም። «ቅቤህን ያዝ። ይልቅ ቁጭ በልና ዳማ እንጫወት» አለው። የእጅ ሰዓቱን አስያዘውና አሸንፎ ሰዓቱን ወሰደበት። ሰውየው ባዶ ክንዱን እያሻሸ ሲወጣ ዓይኔን ሰበርኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ሰዓቱን ጆሮው ላይ ለጥፎ እያዳመጠ፣ «ነፍሱን በነፃ ነው ያተረፍኩለት። ሰዓቱን ያጣው ባለማሰቡ ነው» አለኝ።

ዳማ ዕድሜውን የበላ ነገር ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መውጫ እስከ ምሳ ድረስ ደዋይ አይመጣም፤ መስመሩ ጭር ይላል። ያኔ አራቱንም ጣቢያ በአንድ መስመር ያገናኘናል። እያንዳንዱ ስልከኛ ፊቱ ገበታ አለው፤ ጠጠሩ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ የአንዱ ወገን በሆዱ የሌላው በጀርባው የተደረደረ። ቤቶቹን ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ቁጥር አውጥተንላቸዋል። አንኮበር ያለው ሰው «ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሦስት» ሲል እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ የእሱን ቆርኪ አንስቼ አስኬድለታለሁ፤ ደብረ ሲና ያለውም እንዲሁ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፣ ገበታው ግን አራት ቦታ ነው። ክርክር ከተነሳ የሚዳኘው የደብረ ብርሃኑ ገበታ ነው። በመሃላችን ያን ሁሉ ገደልና ጉም አድርገን፣ አንድ ጠረጴዛ የከበብን ያህል እንሰዳደብ፣ እንሳሳቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ እንደዚያ ደስ የሚል እሁድ አላየሁም።

ጨዋታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጣርማ በር ያለችውን ቤት በበጋ የሚይዛት የአካባቢው ሰው ነው፤ ሰኔ ሲገባ ወደ እርሻው ይሄድና ክረምቱን ከእኛ አንዱ ይተካዋል። ቦታው መኪናውን ሁሉ የመንገዱ ዋሻ ከሚውጥበት ከፍ ብሎ፣ ንፋሱ ሰውን ቀጥ አድርጎ የማያስኬድበት ጫፍ ነው። ክረምት ከገባ ጉሙ አይገለጥም። ማገዶው እርጥብ፣ ፍራሹ እርጥብ፣ የያዝከው ዳቦ እንኳ እርጥብ ነው። እዚያ ሦስት ወር ብቻውን መቀመጥ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ማን ይሂድ የሚለውን በፊት በዕጣ ያደርገው ነበር አሉ። ዕጣ የወጣበት ሁሉ «ለወገኑ አዳላ» እያለ ሲከስሰው፣ «እንግዲያው በዳማ ይሁን» አለ። «ዕጣ ዘመድ አለው፤ ገበታ ግን ዘመድ የለውም።» ግንቦት መጨረሻ ላይ እንጫወታለን፣ የተሸነፈው ሰኔ ሲገባ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። አንድ ክረምት የሄደ ለሚቀጥለው ነፃ ነው። ከላይ ያሉት አንድ ስም ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ስሙ ከየት መጣ ብለው አይጠይቁም። እኔ ሴት ነኝ ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር። «አብዮቱ ወንድና ሴት እኩል ናቸው እያለ እኔ አይደሉም ልበል?» አለኝና አንዲት የቆሎ ፍሬ ጎረሰ።

መመለሻ የሚባለውን ነገር ያመጣውም እሱ ነው። ከጨዋታው በፊት የፈለገ ሰው መመለሻ ይገዛል። የገዛ ሰው በጨዋታው መሃል አንድ ጊዜ ብቻ «መለስ» ብሎ የመጨረሻ እርምጃውን ሽሮ እንደገና ይጫወታል። ዋጋው ብር አይደለም፤ ካለህ ልብስ ሁሉ የበለጠ የሚሞቅህን ታስይዛለህ። ካሸነፍክ ልብስህ ይመለስልሃል። ከተሸነፍክ ይቀራል፤ ጣርማ በር የምትወጣውም ያለ እሱ ነው።

ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። ያሸነፈ ሰው በነፃ አገኘ ማለት ነው። በቀለም ያለው ይህንኑ ነው፤ የተሸነፈ ዕለት ካፖርቱን ትቶ ሄደና ጉልበቱን ደግሞ እዚያ ትቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት በቀለ ነፃ ስለነበር ተፋላሚ ሆነን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፦ እኔና የአንኮበሩ ሰይድ።

ሰይድ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። ቆላ ተወልዶ፣ በሙቀት አድጎ፣ እንጀራ ፈልጎ ነው ደጋ የወጣው። አስም ነበረበት። በመስመር ላይ ከቃሉ በፊት የሚሰማው ደረቱ ነው፤ በሁለት ቁጥር መካከል እንደ ፊሽካ ሲያፏጭ እንሰማዋለን። የአንኮበር ብርድ እንኳ ሲያፍነው በገበያ ቀን ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ይወርዳል፣ ፀሐይ ይሞቅና ድምፁ ተከፍቶ ይመለሳል። ሚስትና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረው። ሳቂታ ነው። ደግሞም ከእኔ የተሻለ ተጫዋች ነው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ይረታኛል። ቶሎ አይጫወትም፤ ደረቱን እያፏጨ ረጅም ጊዜ ያስባል፣ ቁጥሩን ሲጠራ ግን የሚስተው ነገር የለም።

ልብስ ማስያዙን አይወደውም ነበር። «ወላሂ ይሄ ቁማር ነው ጋሽ ወንዴ፣ ቁማር ደግሞ ሐራም ነው» ይላል።

«እንግዲያው ሐራሙን ተውና ዝም ብለህ ጣርማ በር ውጣ። እሱ ሐላል ነው» ይለዋል ጋሽ ወንድይፍራው።

በዚያ ዓመት ሰይድ ከሐኪም ወረቀት አምጥቶ ነበር። ጣርማ በር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ከወረቀቱ በፊትም ሁላችን እናውቃለን። ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀቱን አነበበና አጣጥፎ መለሰለት። «እኔ አንድ ስም ነው የምልከው። ያንተን ካወጣሁ የአስካለን ማስገባቴ ነው። ከፈለግክ እሷን ለምናት» አለው እዚያው ፊቴ። ሰይድ አፍሮ አልለመነኝም። እኔም ሳልለመን እሄዳለሁ ማለት አልሆነልኝም። ምክንያቴ ምን መሰላችሁ? እጮኛ ነበረኝ። ለሦስት ወር ከዓይኑ ከራቅሁ ሌላ ያያል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

መመለሻውን መግዛት አለብኝ ወይ የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ። ያለኝ ሙቅ ልብስ እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። ያን ጊዜ አንድ ልማድ ነበረኝ፤ የእሁዱን ጨዋታ ሁሉ በደብተር እጽፈው ነበር፣ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ። ማክሰኞ ዕለት በቀለ የተሸነፈበትን አወጣሁና ቆርኪዎቹን ደርድሬ እንደገና አጫወትኳቸው። በቀለ «መለስ» ያለበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ያቺን እርምጃ በሌላ ተካኋት፣ ተበላ። በሌላ ተካኋት፣ አሁንም ተበላ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስሄድ ነገሩ ገባኝ። በቀለን የገደለችው እሱ የመለሳት እርምጃ አይደለችም፤ ከእሷ ሦስት እርምጃ በፊት፣ ማንም ልብ ሳይላት ያለፈች አንዲት ቆርኪ ነበረች።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራውን ጠየቅሁት። «ጋሽ ወንዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መመለሻው ይጠቅማል?»

ፍሬዋን ልጦ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

«አይጠቅምም» አለኝ።

እንደዚያ ቀጥ ብሎ ይመልሳል ብዬ አልጠበቅኩም።

«እኔ የምሸጠው የመጨረሻዋን ስህተት ነው» አለ። «ሰውን የምትጥለው የመጀመሪያዋ ናት። እሷን እኔም የለኝም። ደግሞ ሌላም አለ። መመለሻ የያዘ ሰው እጁ ይቀላል፤ ብሳሳት እመልሳለሁ ብሎ ሳያስብ ያነሳል። መመለሻው ካለቀ በኋላም እጁ እንደቀለለ ይቀራል። አንቺ አሁን ፈሪ ነሽ፤ ፍርሃትሽን ካልሸጥሽ ጥሩ ትጫወቻለሽ።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?»

«ስለሚገዙኝ» አለ።

እኔ አልገዛሁም። ሰይድ ገዛ።

ቅዳሜ ከአንኮበር በመጣው መኪና ያስያዘው በርኖስ ደረሰ። ጥቁር የመንዝ በግ ጸጉር፣ እጅግ ከባድ፣ የአባቱ የነበረ። ጋሽ ወንድይፍራው ከመቀመጫዬ በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። እሁድ ዕለት ስጫወት ጫፉ ትከሻዬን እየነካ፣ የሰው ላብ፣ የበግና የበርበሬ ሽታ ይሸተኝ ነበር።

ሰይድ ያን ቀን ሌላ ሰው ሆነ። ቁጥሩን ጠርቼ ሳልጨርስ እሱ የራሱን ይጠራል። እንደ ወትሮው የሚያፏጭበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። ገና ጨዋታው ሳይጠነክር አንድ ቆርኪ ያለ ደጋፊ አወጣና ሁለት በላሁበት።

«መለስ!» አለ እየሳቀ። ቆርኪዎቹን ወደ ቦታቸው መለስን፤ ያቺኑ እርምጃ በሌላ ተካት። «አልሐምዱሊላህ፣ በርኖሴ ሠራች» አለ። ደብረ ሲና ሆኖ የሚያዳምጠው በቀለ በመስመሩ ውስጥ፣ «ሰይዴ፣ በል አሁን ረጋ በል» ሲለው ሰማሁ። «መካሪ ዝም ይበል» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

ሰይድ አልረጋም። ሁለት ቆርኪ እንኳ ቢበሉበት ወትሮ አገግሞ የሚያሸንፍ ሰው ነው፤ መመለሻውን ያጠፋው ለማይገድለው ስህተት ነበር። የሚገድለው ከዚያ በኋላ መጣ። እኔ በፍርሃት ጥርሴን ነክሼ፣ ልክ ጋሽ ወንድይፍራው እንዳለው፣ እያንዳንዷን ሦስት አራት ጊዜ እያየሁ ነበር የምጫወተው። አንዷን ቆርኪ አበላሁት። መብላት ግዴታ ነው፣ በላ። ከዚያ እኔ ሦስት በልቼ ዳማ ገባሁ።

በመስመሩ ላይ ደረቱ ብቻ ይሰማል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው አይደል መመለሱ?» አለ በመጨረሻ። ለመሳቅ ሞክሮ ነበር።

«አንድ ነበረ። በላኸው» አለው ጋሽ ወንድይፍራው።

«እሺ» አለ ሰይድ። «የአላህ ውሳኔ ነው።» ቀጥሎ፣ «አስካለ፣ ደህና ተጫውተሻል» አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ማለቴ እውነት ነው፤ ተነስቼ በርኖሱ ሥር አጨበጨብኩ።

ሰኔ ላይ ሰይድ ሁለት ሹራብ ደርቦ ጣርማ በር ወጣ። ጋሽ ወንድይፍራው በርኖሱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰው። ክረምቱን ሙሉ ለብሶት ከረመ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰይድ ይደውላል፦ «ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር ነኝ፣ መስመሩ ደህና ነው።» ጋሽ ወንድይፍራው በሰይድ በርኖስ ውስጥ ሆኖ፣ «ደህና፣ ተቀብያለሁ» ይለዋል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሁለቱንም እሰማለሁ። ሐምሌ ላይ ሰይድ «መስመሩ ደህና ነው» የምትለውን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መሳብ ጀመረ።

አንድ ጠዋት እንዲህ አለ፦ «ጋሽ ወንዴ፣ በርኖሷን እስከ መስከረም ቢያውሱኝ?»

«ገበታህ እዚያ አለ አይደል?» አለው። «ሹራብህን አስይዝና እንጫወትባት።»

ሰይድ ጥቂት አፏጨ። «ይቅርብኝ» አለ። «አሁን ገብቶኛል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ማዳመጫውን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። «ትተኪዋለሽ? ከወደድሽ ነገውኑ አስወርደዋለሁ።» ሲያሾፍ አልነበረም፤ እሺ ብል ያደርገው ነበር። «ላስብበት» አልኩ። እስከ ነሐሴ ድረስ አሰብኩበት።

ነሐሴ ላይ በአንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ተኩል ሆነ፣ ጣርማ በር አልደወለም። ብንደውል የሚያነሳ የለም። ለከባድ መኪና ሾፌር ነግረን ሲያይልን ሰይድ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አየር አጥሮት ሲቃትት አገኘው። ወንድሙ መጥቶ በመኪና እስከ አንኮበር፣ ከዚያ በበቅሎ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወሰደው። ሙቀት ያድነዋል ብለው ነበር። አዲሱን ዓመት አላየም።

መርዶውን ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሙ ከአንኮበር ደውሎ መስመሩን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ። ለጋሽ ወንድይፍራው ስነግረው በርኖሱን አወለቀ። አራገፈው፣ በብሩሽ ጠረገው፣ በጋዜጣ ጠቀለለው፣ «ለልጁ» ብሎ በመጀመሪያው መኪና ላከው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አንዲት ፍሬ መላጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ጠላሁት። ከመቀመጫዬ ተነሳሁበት።

«ለእኔ የነገሩኝን ለእሱ ለምን አልነገሩትም? አይጠቅምህም ቢሉት ምን ነበረ?»

«እኔን አልጠየቀኝም» አለ። «አንቺ ይጠቅማል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ እውነቱን ነገርኩሽ። እሱ እኔን የጠየቀኝ በርኖሱን በየትኛው መኪና ልላክ ብሎ ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሰው ዋሽቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። ብዙ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን ሲዋሽ አልሰማሁትም። በቀለ ዛሬም «ሰይድን የገደለው እሱ ነው» ይላል፣ እኔም አብሬው አማዋለሁ። እጮኛዬ በታኅሣሥ ሌላ አገባ። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ ሲወጣ አለቅነቱን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ለዚች ልጅ ሰጣት?» እያለ ሲገረም ነበር፣ ከእኔ የቀደሙ ስለነበሩ። ለምን እንደሰጠኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከላይ ሳወራ ሐሙስን ዘልያታለሁ። ጋሽ ወንድይፍራው «አይጠቅምም» ባለኝ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንኮበር ተደወለ። ሰይድ ነው። አለቃችንን እንዳገናኘው የፈለገ መስሎኝ ገመዱን ሳነሳ፣ «የለም፣ አንቺን ነው የፈለግኩት» አለ።

«አስካለ እህቴ፣ መመለሻውን ገዛሽ እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«ለምን?»

«የእናቴን ጋቢ ስለሳሳሁለት ነው» አልኩት።

አፏጨ። «እኔ ግራ ገብቶኛል። እንደምታውቂው ይሄ ደረት ጣርማ በርን አይችላትም። ሐራምነቱንም ለአላህ ልተወው ብዬ ነው። አንቺ ጨዋታውን ሁሉ ትጽፊው የለ? አይተሽው ከሆነ ንገሪኝ። ይበጀኛል?»

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር። ስለ እጮኛዬ አሰብኩ። ሰይድ በደንብ ካሰበ እንደሚያሸንፈኝ አሰብኩ።

«ላንተማ ይበጅሃል» አልኩት። «ግዛው።»

«ጀዛኪላህ ኸይር፣ አላህ ይክፈልሽ» ብሎ፣ ተደስቶ፣ ዘጋ።

ገመዱን ነቅዬ ቀና ስል ጋሽ ወንድይፍራው ማዳመጫውን በግራ ጆሮው ላይ አድርጎ ያየኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ መስመሩ ላይ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ደውሎ እውነቱን እንዲነግረው ፈልጌም ፈርቼም ነበር። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አንዲት ፍሬ አወጣ፣ ልጦ ጨረሰና ለራሱ ሳይሆን ለእኔ ዘረጋልኝ። ለሰው ቆሎ ሲሰጥ አይቼው አላውቅም።

«ከሰኞ ጀምሮ የእኔን ሥራ አለማምድሻለሁ» አለኝ።

ተቀብዬ ጎረስኳትና አመሰገንኩት።